በዐለት ጥላ ሥር የቆመ ቤት



ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ምእመናንን ሕይወት ካላቸው ድንጋዮች ጋር ያመሳስላቸዋል። የማዕዘኑ ድንጋይ ክርስቶስ ነው፤ እኛም በእርሱ ላይ ተያይዘን መንፈሳዊ ቤት እንድንሆን ይመክረናል። ሐዋርያው ይህን ምሳሌ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ድንጋይ ብቻውን በሜዳ ላይ ቢወድቅ ድንጋይ ብቻ ነው። በበታቹ ያለው ሲሸከመው፣ እርሱም በበላዩ ያለውን ሲሸከም፣ በግራና በቀኝ ካሉት ጋር ሲያያዝ ግን ግድግዳ ይሆናል፤ ግድግዳውም ሰው የሚያርፍበት ቤት ይሆናል።

ይህን ምሳሌ በዐይናችን የምናይበት አንድ ቤት በዚሁ በሰሜን ወሎ ይገኛል። እርሱም በላስታ፣ ከፍታው ከ4,200 ሜትር በላይ በሆነው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በአንድ ታላቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመርሳና ከሀብሩ ቆላ ተነሥቶ በወልድያ በኩል ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የላሊበላን ዐሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ ይመለሳል። ከዚያ አልፎ በስተሰሜን ምሥራቅ ወዳለው ወደዚህ ዋሻ የሚዘልቀው ጥቂት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለዚህ ቤት አሠራር ጥቂት ልንናገርና ከእርሱም ለነፍሳችን የሚጠቅመንን ልንፈልግ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉ አስቀድመን እናሳስባለን።

ስለ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ሲነገር የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አውሮጳ ካቴድራሎች ይሄዳል። በእርግጥም የ11ኛውና የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች በዚያ ምድር የሚያስደንቅ ሥራ ሠርተዋል። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች የእነዚያን ዘመናት አሠራር ሮማኔስክ ይሉታል፤ ከጥንት ሮማውያን የተወረሰውን ግማሽ ክብ ቅስት ስለሚከተል ነው። ለምሳሌ ያህል በጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ አጠገብ የሚገኘውን የሽፓየር ካቴድራል እንውሰድ። ንጉሠ ነገሥት ኮንራድ ሁለተኛ በ1030 ገደማ አስጀመረው፤ በ1061 ተባርኮ ለእግዚአብሔር ተሰጠ። ርዝመቱ 134 ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያ መካከለኛው ክፍል ጠፍጣፋ የእንጨት ጣሪያ ነበረው። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ግን ንጉሠ ነገሥት ሃይንሪኽ አራተኛ የእንጨቱን ጣሪያ አስነሥቶ በድንጋይ ቅስት አስከደነው።

እንጨትን በድንጋይ መተካት በዚያ ዘመን በብዙ ቦታ የተደረገ ነው። የእንጨት ጣሪያ እሳት ይበላዋል፤ የድንጋይ ጣሪያ ግን እሳትን ይቋቋማል፤ የመዝሙርንም ድምፅ መልሶ ያስተጋባል። ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። የድንጋይ ቅስት እጅግ ከባድ ነው፤ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል፤ ግድግዳውን ሊያስከፍት ይታገላል። ስለዚህ ግንበኞቹ ግድግዳውን እጅግ ማወፈር፣ ዓምዶቹን ማግዘፍ፣ መስኮቶቹንም ማሳነስ ግድ ሆነባቸው። የሮማኔስክ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ጨለም የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ቤቱ የራሱን ጣሪያ ለመሸከም ሲል ብርሃኑን ይቀንሳል።

ወንድሞችና እኅቶች፣ የሽፓየር ግንበኞች ይህን በሚሠሩበት ዘመን አካባቢ፣ በ11ኛው ወይም በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ የዛጉዌ ነገሥታት ወገን የሆነው ይምርሐነ ክርስቶስ በላስታ ዋሻ ውስጥ ቤቱን አሳነጸ። እርሱ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠ ነው። ሁለቱ ወገኖች አይተዋወቁም፤ ሁለቱም ግን ለአንዱ ጌታ፣ ለአንዱም መሥዋዕት ቤት ይሠሩ ነበር። ሁለቱም ቤቶች ሦስት ረጃጅም ክፍሎች አሏቸው፤ መካከለኛው ከግራና ከቀኙ ከፍ ይላል። በሁለቱም ውስጥ ዓምዶች ክብ ቅስት ይሸከማሉ። መልካቸው ግን እጅግ ይለያያል።

የይምርሐነ ክርስቶስን ግድግዳ ከውጭ የሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ዝንጉርጉርነቱን ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ እየተደራረበ ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ይወጣል። የእንጨቱ ረድፍ ጠቆር ብሎ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ የድንጋዩ ረድፍ በነጭ ልስን ተለስኖ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። ይህ ከአክሱም ዘመን የተወረሰ አሠራር ነው፤ በትግራይ በደብረ ዳሞም ይታያል። መስኮቶቹ በመስቀልና በልዩ ልዩ ቅርጽ ተፈልፍለዋል። በውስጥ በኩል የጎን ክፍሎች ጣሪያ በትንንሽ አራት ማዕዘን እየተከፈለ በተቀረጸና በቀለም በተጌጠ እንጨት ተሸፍኗል፤ በመቅደሱ ላይ ጉልላት አለ። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በአገራችን ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት መካከል ናቸው። የጣሪያው ጌጥ ከግብጽ ክርስቲያኖችና ከእስላማዊው ዓለም የእጅ ጥበብ ጋር ዝምድና እንዳለው ያጠኑት ሊቃውንት ይናገራሉ። በአንድ መንደር ክርስቲያንና ሙስሊም ደስታንና ኀዘንን ተካፍሎ በሚኖርበት በወሎ ይህ የሚያስገርም አይመስለንም።

እንጨቱ በግድግዳው ውስጥ የገባው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ትንንሽ ድንጋይ በጭቃ ብቻ ቢያያዝ መሬት በተንቀሳቀሰ ወይም በአንድ ወገን በሰመጠ ጊዜ ይሰነጠቃል። ረጅሙ ጠርብ ግን በግድግዳው ርዝመት ተጋድሞ ድንጋዮቹን እንደ መቀነት ያስራቸዋል፤ በአንድ ቦታ ያረፈውን ሸክም ለብዙዎች ያካፍላል። ድንጋዩ ይጸናል፤ እንጨቱ ይታዘዛል። ድንጋይ ብቻ ቢሆን ይሰበር ነበር፤ እንጨት ብቻ ቢሆን ይጎብጥ ነበር። ከሁለቱ አንድነት የተነሣ ቤቱ ስምንት መቶ ዓመት አልፎትም ቆሞ ይገኛል።

በማኅበረ ምእመናን ውስጥም ይህን እናያለን። አንዳንዱ እንደ ድንጋይ የጸና ነው፤ ከያዘው አይላወስም፤ ሥርዓትን ይጠብቃል፤ አንዳንዴም ያስቸግራል። ሌላው እንደ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ሰውን ያስማማል፤ ከተጣላው ጋር ቡና ይጠጣል፤ ነገር ግን ብቻውን ቢተው ይጎብጣል። ጽኑው ለስላሳውን «ደካማ» ሲለው፣ ለስላሳውም ጽኑውን «ግትር» ሲለው ግድግዳው መሰንጠቅ ይጀምራል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ዐይን እጅን አልፈልግህም ሊለው እንደማይችል ያስተማረው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር እናስተውል። እንጨት፣ ድንጋይ፣ ጭቃና ልስን ለሀብሩ ገበሬ እንግዳ አይደሉም፤ የራሱም ቤት የተሠራው ከእነዚሁ ነው። ንጉሡ ለእግዚአብሔር ቤት ሲሠራ ሕዝቡ የሚያውቀውን አሠራር አልናቀም፤ ወደ ክብር ከፍ አደረገው እንጂ። የዚህ አሠራር መታሰቢያ እጅግ የተወደደ ስለ ነበር በላሊበላ ቤተ አማኑኤልን ከአንድ ዐለት የፈለፈሉት ጠራቢዎች እንኳን የእንጨቱንና የድንጋዩን ረድፍ መልክ በዐለቱ ላይ ቀርጸውታል። እንጨት በሌለበት እንጨትን በድንጋይ አስታወሱት። ወንጌልም ወደ አንድ ሕዝብ ሲገባ እንዲሁ ያደርጋል፤ የሕዝቡን ቋንቋ፣ ዜማና እጅ ይዞ ወደ መሠዊያው ያቀርበዋል። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አባቶች ስለ ቅዱስ ሥርዓት አምልኮ በ1963 ባወጡት ድንጋጌ ቤተ ክርስቲያን አንድን የጥበብ ስልት ብቻ የእኔ ብላ እንዳልያዘች፣ የየሕዝቡንም ጥበብ እንደምትቀበል አስተምረዋል። ስለዚህ በገጠር ያለ የጸሎት ቤታችን እንደ ሽፓየር ባይገዝፍ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሁሉ እንጨት ሳይበሰብስ፣ ይህ ሁሉ ቀለም ሳይታጠብ እስከ ዛሬ የቆየው እንዴት ነው? መልሱ ከቤቱ በላይ ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤት የራሱ ክዳን አለው፤ ነገር ግን የላስታ ክረምት ዝናብ ክዳኑን አይደበድበውም። ከክዳኑ በላይ የዋሻው ዐለት ተዘርግቷል። የሽፓየር ግንበኞች የድንጋይ ጣሪያቸውን በራሳቸው ግድግዳ መሸከም ነበረባቸው። የላስታው ቤት የድንጋይ ጣሪያውን አይሸከመውም፤ የድንጋዩ ጣሪያ እርሱን ይሸፍነዋል እንጂ። ዐለቱን ንጉሡ አልሠራውም፤ ግንበኛው አልጠረበውም፤ እነርሱ ከመምጣታቸው በፊት እዚያ ነበር። እነርሱ ያደረጉት ጥበብ ያለበት ነገር ከጥላው ሥር ገብተው መሥራታቸው ነው።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ የጸጋ ትምህርት ይህ ነው። እኛ ከመሥራታችን በፊት እግዚአብሔር ሠርቷል፤ እኛ ከመውደዳችን በፊት እርሱ ወድዶናል። መዝሙረኛው እግዚአብሔርን ዐለቴና መጠጊያዬ እያለ ደጋግሞ ሲጠራው ይህን ያውቅ ነበር። የራሱን ጣሪያ በራሱ ጉልበት ለመሸከም የሚደክም ሰው ግድግዳውን እያወፈረ፣ መስኮቱን እያጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በራሱ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከዐለቱ ሥር የተጠለለ ግን እንጨቱም እንጨት ሆኖ ይኖራል፤ ደካማነቱ አያጠፋውም።

ስለ መሠረቱም የሚነገር አለ። በአካባቢው ትውፊት ቤቱ የታነጸው ከበታቹ ውኃ ባለበት ረግረግ ላይ ነው ይባላል። ከዋሻው በስተኋላ ደግሞ የብዙ ሰዎች አፅም ይገኛል፤ ትውፊቱ እነዚህ ከሩቅ አገር መጥተው በዚያ ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላል። ንጉሡም ካህን እንደ ነበረ፣ ለቅዳሴውም ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር ይተረካል። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ካቶሊካዊ ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ ይህን ዋሻ አይቶ ስለ ንጉሡ ካህንነት የሚነገረውን ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1540 ታትሟል። አልቫሬሽ ወደዚህ ቤት የመጣው እንደ እንግዳ ነበር፤ ያየውንም በአድናቆት መዘገበ።

እኛም ይህን ቤት በእንግዳ ትሕትና ልናየው ይገባል። ቤቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካህናቷና ገበሬዎቿ በጾምና በድካም ለዘመናት ጠብቀውታል። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉበት ጊዜ አንሥቶ በ1632 የቀድሞው እምነት እንዲመለስ እስካወጁበት ድረስ በአገራችን በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም መፍሰሱ የታወቀ ነው። የዚያ ዘመን ቁስል እስከ ዛሬ በቃላችንና በጥርጣሬያችን ውስጥ አለ። የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ያወጣው ድንጋጌ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት እውነተኛ ምሥጢራት፣ ከሁሉም በላይ ክህነትና ቅዱስ ቍርባን እንዳላቸው ይመሰክራል። እንግዲህ ከእኛ ወገን ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ጫማውን ያውልቅ፤ ካህኑን ያስፈቅድ፤ በቅዳሴ ጊዜ ፎቶግራፍ ለማንሣት አይጋፋ፤ አፅሙንም እንደ ትርኢት አይመልከተው፤ በዚያ ያረፉት የትንሣኤን ቀን የሚጠብቁ ወንድሞቻችን ናቸውና። ስለ አንድነትም በልቡ ይጸልይ።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል «ወሎ ይህን ያህል ተቸግሮ ሳለ ስለ ድንጋይና ስለ እንጨት ማውራት ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ልናልፈው አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ በመቅደስ ውስጥ ክርስቶስን በሐር እያስጌጡ በውጭ በብርድ የሚራቆተውን ክርስቶስን መርሳት ከንቱ መሆኑን አስተምሯል። በ1984 እና በ1985 ረሀብ ወሎን በመታ ጊዜ ከእህል ማከፋፈያው ደጃፍ የተሰለፈው ሕዝብ ስለ ቅስት አልጠየቀም። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ከወልድያና ከመርሳ ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ የሸሸው አባወራ የፈለገው የሚያድርበት ጣሪያ ነበር።

ነገር ግን ዋሻው ለዚህም መልስ አለው። ቤቱ በጥላ ሥር ስላለ ቆመ፤ የቆመውም ለራሱ አይደለም፤ ከሩቅ የመጣው እንዲገባበትና እንዲያርፍበት ነው። የተጠለለ ማስጠለል አለበት። ጥላ ያገኘ ማኅበር ለሌላው ጥላ ካልሆነ የሰጠውን ዐለት ረስቷል። ስለዚህ የመቅደሱ ክብርና የድሃው ክብር ሁለት ተፎካካሪዎች አይደሉም። በቅዳሴ ጊዜ ሥጋውን በአክብሮት የሚቀበል እጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጅ ለተቀመጠው ቢዘረጋ አንዱ ሌላውን ያረጋግጣል። በዚያ ክፉ ዘመን በየመንደሩ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ለተፈናቀለው ደጁን የከፈተ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ይህን ትምህርት ያለ ስብከት ፈጽሞታል።

የቆመ ቤት ደግሞ እንክብካቤ ይሻል። የሽፓየር ካቴድራል ያ ሁሉ የድንጋይ ጣሪያው በ1689 የፈረንሳይ ሠራዊት ከተማይቱን ባቃጠለ ጊዜ ሊያድነው አልቻለም፤ የምዕራቡ ወገን ፈረሰ፤ እንደገና የተሠራውም ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ዐለት ቢሆኑም ዝናብና ፀሐይ እየሰነጠቃቸው፣ ከአንዳንዶቹ በላይ የብረት መጠለያ እስከ መትከል ተደርሷል። ዐለት እንኳን ጥላ ይፈልጋል። ድንጋይ ይህን ያህል ከሻ፣ ከሥጋና ከደም የተሠራ ማኅበርማ ምን ያህል ይሻ ይሆን?

የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2015 ሲቋቋም ሰፊ ምድርና ጥቂት ምእመናን ተሰጥተውታል። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ አካባቢ ያለን ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነን። የጥቂቶች ፈተና ሁለት ነው፤ አንደኛው «እኛ ምን እንችላለን» ብሎ እጅን ማጣጠፍ፣ ሁለተኛው ሁሉን ነገር ከውጭ በሚመጣ ርዳታ ላይ መጣል። የላስታ ግንበኞች ከሁለቱም ያድኑናል፤ በተሰጣቸው ዐለት ተማመኑ፤ በእጃቸው ባለው እንጨትም ሠሩ።

ስለዚህ ምእመናንን ሦስት ነገር እንለምናለን። የመጀመሪያው፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የየጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ጣሪያ ላይ ይውጡ፤ የተነቀለ ቆርቆሮ በምስማር ይምታ፤ የተደፈነ አሸንዳ ይጠረግ፤ በግድግዳው ሥር የሚቆም ውኃ መውረጃ ይበጅለት። ቤት የሚፈርሰው በአንድ ቀን አይደለም፤ ማንም ባላየው ጠብታ ነው። ሁለተኛው፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ የጥድ ደን እስከ ዛሬ እንደ ተጠበቀ ሁሉ፣ በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ ጥድና ወይራ ይተከል፤ የተከልነው ለልጆቻችን ልጆች ወጋግራና ጥላ ይሆናልና። ሦስተኛው፣ በመካከላችን ከተኳረፉ ሁለት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ የሚያስታርቅ ሰው አይጥፋ፤ ድንጋዩን ከድንጋዩ ጋር የሚያስረው ያ እንጨት እርሱ ነውና። በራችንንም ለሚያንኳኳ ችግረኛ «ከየት ነህ?» ከማለት በፊት «ግባ» እንበለው።

የዚያ ቤት ስም ራሱ ጸሎት ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ማለት በግእዝ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው። ንጉሡ ስሙን ለቤቱ ሲተው ለእኛም ጸሎቱን ተወልን። እንግዲህ የማዕዘን ድንጋይ የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ይምራን፤ የጸናውን በየዋህነት፣ የዋሁን በጽናት ያስተሳስርልን፤ በጥላው ሥር ሰብስቦ ለሌላው ጥላ ያድርገን፤ የተለያዩትን ልጆቹንም በአንድ መሠዊያ ዙሪያ የሚያቆምበትን ቀን ያቅርብልን። በእናታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።